የኅዳሩ ሩጫ የሚጀምረው ሐምሌ ጭቃ ውስጥ ነው፦ ከደብረ ታቦር ሆኖ የሩጫ ዓመትን ማቀድ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። አላርሙ ይጮኻል። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ትናንት የለበሳችሁት ቱታ አልደረቀም፤ ጫማው ጭቃ እንደያዘ በር ላይ ተቀምጧል። እጃችሁ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ አላርሙን ይዘጋና «በቃ ነገ» ትላላችሁ። ነገም ይዘንባል፣ ከነገ ወዲያም ይዘንባል። እንደዚህ እያለ ሐምሌ ያልቃል፣ ነሐሴም ይከተላል። መስከረም ላይ አደይ ሲፈነዳ ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ይሄን ከሰው ሰምቼ አይደለም የማወራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔው ሰኔ መጨረሻ ላይ ልምምድ አቆምኩ። መስከረም ሲገባ የጠፋውን ላካክስ ብዬ በሳምንት 6 ቀን መሮጥ ጀመርኩ። ጥቅምት ላይ ቅልጥሜን እንደዛ አመመኝና ደረጃ መውረድ እንኳ አቃተኝ። ለኅዳሩ ውድድር የገዛሁትን ቲሸርት ለብሼ ውድድሩን በቴሌቪዥን አየሁት። ከዛ ወዲህ ጥያቄዬ «እንዴት ፈጥኜ ልሩጥ?» መሆኑ ቀርቶ «ክረምቱን እንዴት ሳላቋርጥ ልለፈው?» ሆነ።

የዛሬው ጽሑፍ ስለዚህ ነው። ደብረ ታቦር፣ ፋርጣ፣ ጋይንት፣ እስቴ ወይም ሌላ ደጋ ላይ ሆናችሁ የምትሮጡ ከሆነ ዓመቱን እንዴት ታቅዱታላችሁ? ክረምቱስ ላይ ምን ትሠራላችሁ?

መጀመሪያ፦ የስልካችሁ ዕቅድ ለእኛ አገር አልተሠራም

ዩቲዩብ ላይ ወይም የሩጫ አፕ ላይ «የክረምት ልምምድ» ብላችሁ ስትፈልጉ የሚመጣላችሁ የአውሮፓና የአሜሪካ ክረምት ነው። የእነሱ ክረምት በእኛ ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። በዛ ጊዜ እነሱ በረዶ ላይ ቀስ ብለው መሠረት ይገነባሉ፣ በእነሱ ጸደይ ማለትም በእኛ መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ ትልልቅ ማራቶኖችን ይሮጣሉ።

የእኛ የተገላቢጦሽ ነው። በአገራችን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ውርጭ ቢኖርም መሬቱ ደረቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ለሩጫ ከዛ የተሻለ ጊዜ የለም። የፈረንጁን ዕቅድ እንዳለ ከወሰዳችሁት በምርጡ ወራችሁ ቀስ ትላላችሁ፣ ሐምሌ ጭቃ ውስጥ ደግሞ ፍጥነት ፍለጋ ትገባላችሁ። ዕቅዱን መጠቀም ትችላላችሁ፤ ግን ወሩን ቀይሩት። እነሱ «ክረምት» ያሉትን ሐምሌና ነሐሴ ላይ አድርጉት።

የእኛ የውድድር ዓመት ምን ይመስላል?

ዕቅድ የሚጀመረው ከውድድሩ ቀን ወደ ኋላ በመቁጠር ነው። ስለዚህ የታወቁትን ቀኖች እንያቸው።

ኅዳር፦ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የሚካሄድ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ብዙ ጊዜ የሚውለው በኅዳር 2ኛ ሳምንት አካባቢ እሁድ ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይሳተፋል፤ ምዝገባው ቀድሞ ስለሚያልቅ ማስታወቂያውን በክረምቱ መከታተል አለባችሁ።

ጥርና የካቲት፦ የአገር አቋራጭ ወቅት ነው። ትልቁ የጃንሜዳው አገር አቋራጭ ውድድር ሲሆን ለክለብ የሚሮጡ አትሌቶች ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ለመግባት እዛ ይፋለማሉ።

መጋቢት፦ አዲስ አበባ ላይ የሴቶች 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ። ለጀማሪ ሴቶች ጥሩ በር ነው።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት፦ የትራክ ጊዜ ነው። የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ሻምፒዮና ብዙ ጊዜ በዚህ መሃል ይካሄዳል።

ከሐምሌ እስከ መስከረም፦ አገር ውስጥ ፀጥ ይላል። እኛም አብረን ፀጥ የምንለው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ ስንቱን ልሩጥ? በዓመት 1 ትልቅ ውድድር ምረጡ፤ ሁሉም ልምምድ ለእሱ ይሠራል። ከዛ 2 ወይም 3 ትንንሽ ጨምሩ፤ እነሱ መለማመጃና መለኪያ ናቸው። የተጠራበት ሁሉ የሚሮጥ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ይደክማል፣ ግን አያድግም። ከእያንዳንዱ ትልቅ ውድድር በኋላ 2 ሳምንት እረፍት በዕቅዱ ላይ ይጻፍ። እረፍት ካልተጻፈ በጉዳት መልክ ይመጣል።

ታዲያ ክረምቱ ለምን ወሳኝ ሆነ?

አቆጣጠሩ ቀላል ነው። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ የከተማችን ስም የመጣበት የደብረ ታቦር በዓል። ከቡሄ እስከ ታላቁ ሩጫ 13 ሳምንት ገደማ ነው። ለ10 ኪሎ ሜትር የተለየ ልምምድ (ፍጥነት፣ የውድድር ሪትም፣ ረጅም ሩጫ) ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይበቃዋል። ግን ይሄ ልምምድ ከባድ ነው። ጅማታችሁና አጥንታችሁ ያልተዘጋጁ ከሆነ የሚሰብራችሁ እሱ ነው፤ የእኔ ቅልጥም የሄደው እንደዛ ነው። ሳንባና ልብ ቶሎ ይለመዳሉ፣ ጅማትና አጥንት ግን ቀስ ብለው ነው የሚጠነክሩት። መስከረም ላይ ትንፋሻችሁ «እችላለሁ» ሲል እግራችሁ ገና አልደረሰም።

ሰውነት ደግሞ ውለታ አይቆጥርም። 2 ሳምንት ሙሉ በሙሉ ካቆማችሁ አቅማችሁ መውረድ ይጀምራል፤ 2 ወር ካቆማችሁ አብዛኛው ይሄዳል። ጥሩ ዜናው፣ ያላችሁን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ልምምድ አዲስ ለመገንባት ከሚያስፈልገው በጣም ያነሰ መሆኑ ነው። በሳምንት 3 ቀን ይበቃል። ክረምቱ የሚጠይቃችሁ ይችን ብቻ ነው።

የትልልቆቹን ታሪክ በእኛ ቀን አቆጣጠር እዩት። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የአዲስ ዓመት ዋዜማ። ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣችው ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አትላንታ ላይ ያሸነፈው ሐምሌ 22 ቀን 1988 ዓ.ም. ነው። ሦስቱም እኛ «ዝናብ ነው» ብለን በምንተኛበት ወቅት ያሸነፉ ናቸው።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው የታምራት ቶላ ነው። ለፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶን የተመረጠው በተጠባባቂነት ነበር። ከውድድሩ 2 ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ሲሳይ ለማ ተጎዳና ቦታው ለታምራት ተሰጠ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. 2:06:26 ገብቶ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን ወሰደ። በ2 ሳምንት ውስጥ ማራቶን አይሠለጠንም። ያንን ሰዓት የሮጠው፣ ትሮጣለህ ሳይባል በፊት ልምምዱን ስላላቆመ ነው። «ውድድር ሲኖር እጀምራለሁ» ለምንል ሰዎች ከዚህ የበለጠ መልስ የለም።

የክረምት ሳምንት፦ ምን ያህል፣ መቼ፣ የት

ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚሠራ አንድ ሳምንት ይኸውላችሁ። ከዚህ በፊት ለጥቂት ወራት የሮጠ ሰው ሊችለው ይገባል፤ ፍጹም ጀማሪ ከሆናችሁ ግማሹን አድርጉት፣ ዳገቱንም ለመስከረም አቆዩት።

ማክሰኞ፦ 40 ደቂቃ ሶምሶማ። ከጓደኛ ጋር እያወራችሁ መሮጥ ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል።

ሐሙስ፦ ማሟሟቂያ 15 ደቂቃ፣ ከዛ 6 ጊዜ የ1 ደቂቃ ዳገት። ቁልቁለቱን በእግር መራመድ።

ቅዳሜ፦ ከ60 እስከ 75 ደቂቃ ቀስ ያለ ረጅም ሩጫ።

በቀሩት ቀኖች 2 ጊዜ ቤት ውስጥ 15 ደቂቃ፦ ቁጭ ብድግ፣ ፑሽ አፕ፣ የሆድ ሥራ፣ ገመድ ዝላይ።

በኪሎ ሜትር ሳይሆን በደቂቃ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ጭቃ ውስጥ 8 ኪሎ ሜትር ማለት በበጋው መሬት ከዛ በላይ ነው። አፑ «ዘገየህ» ሲላችሁ አትናደዱ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። ለንደን ያለ ሰው ስትራቫ ላይ ከለጠፈው ፍጥነት ጋር ራሳችሁን ማወዳደር ትርጉም የለውም። ያው እናንተ፣ ያው መንገድ፣ ካለፈው ወር ጋር አወዳድሩ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ በደጋው ክረምት ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚበረታው ከቀትር በኋላና ማታ ነው። ስለዚህ ጠዋት የተሻለ ዕድል አለው። ግን ጨለማ ሳለ አትውጡ፤ ጅቡም ውሻውም ገና አልገባም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይበቃል፤ ክረምት ትምህርት ስለሚዘጋ ለብዙዎቻችሁ ይሄ ሰዓት ይመቻል። መብረቅ ካለ ደግሞ ክርክር የለም፦ ከሜዳውና ከኮረብታው ላይ ውረዱ፣ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፣ ቤት ግቡ።

ቦታውን ስትመርጡ የረጠበ ኮብልስቶን ያንሸራትታል፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ። የታረሰ ማሳ ጫማ ይበላል፣ ገበሬውንም ያስቀይማል። ለክረምት የሚሻለው ኮረኮንች መንገድ፣ ሳር ያለው የግጦሽ ሜዳና ባሕር ዛፍ ውስጥ ያለ መሬት ነው። አስፋልት ላይ ከሆናችሁ መኪና ፊት ለፊት በሚመጣበት ጠርዝ ሩጡ፣ ደማቅ ነገር ልበሱ፤ በጉም ሹፌሩ አያያችሁም።

ወደ ጋፋት የሚወስደው መንገድ ለረጅም ሩጫ ጥሩ ነው። ሴባስቶፖል የተሠራበት ቦታ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አፄ ቴዎድሮስ ያንን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ይዘው ከደብረ ታቦር የተነሱት ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ነው፤ መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ። እየጠረጉ፣ መንገድ እየሠሩ፣ በቀን ትንሽ ትንሽ። ቅዳሜ ጠዋት ዳገቱ ሲከብደኝ እሱን አስባለሁ፤ ቢያንስ እኔ የምጎትተው የራሴን ኪሎ ብቻ ነው።

ጾም፣ እርሻ፣ ጫማ

እነዚህ ሦስቱ በፈረንጅ ዕቅድ ላይ የሉም። የእኛን ክረምት የሚወስኑት ግን እነሱ ናቸው።

ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ያንን 2 ሳምንት ዕቅዱ ላይ አስቀድማችሁ «ቀላል ሳምንት» ብላችሁ ጻፉት፤ ዳገቱን አውጡ፣ ሶምሶማውን ያዙ። ሩጫውን ከመብላታችሁ በፊት ባለው ሰዓት አድርጉት፤ ከዛ ወዲያው ውሃና ምግብ ታገኛላችሁ። በሶ፣ ድንች፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፦ የጾም ምግብ ለሯጭ አያንስም፣ መጠኑ ካልቀነሰ። ካዞራችሁ አቁሙ። ረመዳን ለሚጾሙም አሠራሩ ያው ነው፤ ረመዳን በየዓመቱ ስለሚዞር ዕቅድ ስታወጡ መጀመሪያ እሱን ቀን መቁጠሪያው ላይ አስቀምጡት።

ገጠር ያላችሁ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ የአረም ጊዜ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሲያርም የዋለ ልጅ «ዛሬ ልምምድ አልሠራሁም» ብሎ አይዘን። ሠርቷል። የዛን ቀን 20 ደቂቃ ቀስ ብሎ መሮጥ ይበቃዋል፤ ከባዱን ቅዳሜ ላይ ያድርገው።

ጫማ ላይ ብዙዎቻችን አንድ ጥንድ፣ ያውም ቦንዳ ነው ያለን። እሳት ዳር አታድርቁት፤ ማጣበቂያው ይለቅና ታፋው ይገነጠላል። ጭቃውን እጠቡ፣ የውስጡን ንጣፍ አውጡ፣ ውስጡን በአሮጌ ጋዜጣ ሙሉት፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ጋዜጣውን ቀይሩት። ጠዋት ላይ አብዛኛው እርጥበት ወጥቶ ታገኙታላችሁ። አሮጌ ጫማ ካላችሁ አትጣሉት፣ ለጭቃ ቀን አቆዩት። ካልሲ ከምትቆጥቡ ሌላ ነገር ቆጥቡ፤ በረጠበ ካልሲ የሚመጣ የእግር ጣት ቁስል ከሳምንት በላይ ያስቀምጣል። ከሩጫ ስትገቡ ደግሞ መጀመሪያ ልብስ መቀየር፣ ስልክ ከዛ በኋላ።

መስከረምና ጥቅምት ላይ ወደ ወረታ ወርዳችሁ ፍጥነት መሥራት ከቻላችሁ ጥሩ ነው፤ ከደብረ ታቦር በ900 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል እግር ይፈጥናል። ግን ፎገራ ላይ ከዝናብ በኋላ ወባ አለ። ካደራችሁ አጎበር፣ ካተኮሳችሁ ምርመራ።

ሞራል ሲወድቅ

«ሞቲቬሽን» የሚባለውን ነገር አትጠብቁ። ሐምሌ ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ማንም ሞቲቬሽን የለውም። እኔን የጠቀሙኝ አራት ነገሮች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ሰው። የሚጠብቃችሁ አንድ ጓደኛ መንገድ ላይ ዝናብ እየመታው እንደቆመ እያወቃችሁ መተኛት ከባድ ነው። በሩጫ ሰፈር ብቻውን የሚሮጥ ለጤናው ነው፣ መለወጥ የፈለገ ከሰው ጋር ይሮጣል የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። ለሴቶች ደግሞ ከሞራልም በላይ የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ ሦስት አራት ሆናችሁ ውጡ፣ መንገዳችሁን ቤት ላለ ሰው ተናገሩ።

ሁለተኛ፣ የ10 ደቂቃ ስምምነት። 10 ደቂቃ ብቻ ልሩጥ ብላችሁ ውጡ። ከ10 ደቂቃ በኋላ መመለስ ይፈቀዳል። እኔ በአንድ ክረምት የተመለስኩት 3 ጊዜ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ አንድ ቀን መቅረት ይቻላል፣ በተከታታይ ሁለት አይቻልም። አንድ ቀን እረፍት ነው፤ ሁለት ሲሆን ልማድ ይጀምራል።

አራተኛ፣ ደብተር። ቀኑን፣ ደቂቃውን፣ አየሩን ጻፉ። «ሐሙስ፣ 42 ደቂቃ፣ በረዶ መታኝ» ብቻ። ጥቅምት ላይ ስትፈሩ ያንን ገጽ አንብቡት።

መንገድ ሲዘጋ

ይሄንን ሳልጽፍ ካለፍኩ ዋሽቻለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን ግጭት ውስጥ ነው። ሰዓት እላፊ የታወጀበት፣ መንገድ የተዘጋበት፣ ኢንተርኔት የጠፋበት ጊዜ አልፏል። አዲስ አበባ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኅዳር ላይ መድረስ እንደሚቻል ሐምሌ ላይ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። «ለማን ብዬ ነው የምለማመደው?» ያለኝ ልጅ አንድ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ የጤናው ጉዳይ፦ ሰዓት እላፊ ባለበት ሰዓት አትውጡ፣ ተኩስ በተሰማበት ቀን አትውጡ። ግቢ ውስጥ ገመድ ዝላይና ቁጭ ብድግ 25 ደቂቃ ይበቃል። የትኛውም ውድድር ሕይወት አያክልም።

ቀጥሎ፣ ዕቅዳችሁ ውስጥ መንገድ ቢዘጋም የማይሰረዝ ውድድር ይኑር። የራሳችሁ ውድድር። ቡሄ ሰሞን (የምትጾሙ ከሆነ ከነሐሴ 16 በኋላ) ሰላማዊ በሆነ ጠዋት፣ ሁላችሁም የምታውቁት መንገድ ላይ፣ በስልክ የተለካ 5 ኪሎ ሜትር። ሦስት ጓደኛ፣ አንድ ሰዓት ያዥ፣ ለአንደኛ የሚገዛ ሻይ። ሰዓታችሁን ጻፉ። ያንኑ መንገድ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ከዛ ኅዳር ላይ ድገሙት። አዲስ አበባ መሄድ ከተቻለ ዝግጁ ናችሁ። ካልተቻለም የኅዳሩን ሰዓት ከነሐሴው ጋር አስተያይታችሁ ምን ያህል እንደተለወጣችሁ ታውቃላችሁ። ያንን ማንም አይዘጋባችሁም።

ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ይባላል። አባባሉ ለገበሬውም ለሯጩም ይሠራል፤ ልዩነቱ ቡሄ ሲመጣ ምን ይዛችሁ ተገኛችሁ የሚለው ነው። ታምራት ስሙ ሲጠራ ዝግጁ ነበር። እናንተስ?

ዛሬ ማታ ሦስት ነገር አድርጉ፦ ጫማችሁን በጋዜጣ ሙሉ፣ የሳምንቱን ሦስት ቀን ስልካችሁ ላይ ጻፉ፣ ይሄን ጽሑፍ ነገ ጠዋት አብሯችሁ ለሚወጣ አንድ ሰው ላኩለት። ዝናብ ቢሆንስ? 10 ደቂቃ ብቻ።